የፊት መብራት ምርጫና የአሽከርካሪው ኃላፊነት

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ጋላፊ በሚወስደው ጎዳና ሌሊት የሚጓዝ አሽከርካሪ የራሱን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የሚመጣውንም ሰው ሕይወት በእጁ ይዟል። ስለሆነም ለአሮጌ ፒካፕ የፊት መብራት ሲገዛ ከድምቀቱ አስቀድሞ አቅጣጫው ይመርመር።

በጃፓን የሚነዳው በግራ ነው፤ ለዚያ የተሠራ መብራት አጭሩ ብርሃን በግራ በኩል ከፍ ይላል። በጅቡቲ፣ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮም በኢትዮጵያ፣ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ ይኸው ብርሃን የተላላፊውን ዓይን ያጥበረብራል።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ መኪናውን በደልዳላ ሥፍራ ከግድግዳ ፊት አቁሞ አጭሩን ማብራት። ብርሃኑ በቀኝ በኩል ከፍ ካለ ተስማሚ ነው። ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፑል ማስገባትም አይበጅም፤ ብርሃኑ ይበተናል።

ከፊት የሚመጣውንም ሹፌር በቤቱ የሚጠብቁት አሉና።