በቀዳዳ የሚታይ ባሕር

የጭነት መርከቡ ከቀኝ ወደ ግራ እያዘገመ ነው። የእኔ ሰርጓጅ ሞተሯን አጥፍታ ውኃ ውስጥ ቆማለች። በፔሪስኮፑ መስታወት መሐል ቀጥ ብሎ የተሰመረ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። የመርከቡ አፍንጫ መስመሩን ሲነካ ሰዓቱን አስነሣሁ፤ ጭራው ሲያልፍ አቆምኩ። 26 ሰከንድ። ከመርከቦች መዝገብ ላይ ርዝመቱን ፈለግሁ፤ 134 ሜትር። ለ26 ሲካፈል በሰከንድ አምስት ሜትር ከምናምን ይመጣል፤ በመርከበኞች ልክ 10 ኖት መሆኑ ነው።

ቶርፔዶዬ የሚሄደው በ30 ኖት ነው። በመካከላችን አንድ ኪሎ ሜትር አለ፤ እሱን ለመጨረስ 65 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መርከቡ ከ330 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የራሱን ርዝመት ሁለት ጊዜ ተኩል። ስለዚህ መርከቡ ላይ አልተኩስም። የምተኩሰው ገና ወዳልደረሰበት ባዶ ውኃ ነው፤ ፊት ለፊቴ ለመድረስ 18 ዲግሪ ሲቀረው። ተኮስኩ። ሻይ ለማንሣት እጄን ሰደድኩና መልሼ ሰበሰብኩት። 63፣ 64፣ 65። ከሩቅ “ቋ!” የሚል የብረት ድምፅ መጣ። ፍንዳታ የለም።

ስሌቱ ልክ ነበር፤ ቶርፔዶው መትቷል፤ ሳይፈነዳ ቀረ እንጂ። በ1940 በኖርዌይ ዘመቻ የጀርመን ሰርጓጅ አዛዦች በተደጋጋሚ የደረሰባቸው ይኸው ነው፤ ጉዳዩ የጦር ፍርድ ቤት እስከማቆም አድርሷል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ይህችንም አልረሷትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጌሙ ሳይለንት ሀንተር 3 ይባላል። በ2005 የወጣ፣ ቡካሬስት በሚገኘው የዩቢሶፍት ስቱዲዮ የተሠራ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ውጊያ ጌም ነው። ዕድሜው በመግፋቱ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል፤ ለእኔ ቢጤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በየሰፈራችን ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ይህን ዓይነቱን ጨዋታ አታገኙትም። እዚያ አንድ ግጥሚያ ተጫውቶ ለተረኛ መልቀቅ ነው። እዚህ ግን አንድ መርከብ ለማየት ብቻ ሳምንታት ባሕር ላይ መቆየት ሊያስፈልግ ይችላል። ጌሙ ጊዜን እስከ 1024 እጥፍ ማፍጠን ባይፈቅድ ኖሮ ማን ይጫወተው ነበር? ፈጥኖም ቢሆን ከፊታችሁ ያለው ውኃ፣ ጭጋግና ማዕበል ነው። ተረኛ ቢኖር ኖሮ በዱላ ነበር የሚያስነሣችሁ።

የጦር መርከብ ጌም ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ከ2015 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚጫወቱት ወርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ አለ፤ 12 ለ12 ሆነው ይታኮሱና በ20 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ያምራል፣ ያዝናናል። ግን የሚቀርበው ለቦክስ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ሌላኛው ዘር ነው።

የሌላኛውን ዘር ጠባይ ለማስረዳት ከእኛው ጨዋታዎች ሁለቱን ልጥራ። በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ ከሁለቱም ተጫዋቾች ፊት ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለም፤ የሚያሸንፈው የተሻለ የቆጠረው ነው። በአኩኩሉ ደግሞ መቁጠሩ ዋጋ የለውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ የቆየው ልጅ ዞር ዞር ብሎ መፈለግ ነው ያለበት። የባሕር ኃይል የስልት ጨዋታ ገበጣን ዓይን ጨፍኖ እንደ መጫወት ነው። ቆጠራው አይቀርላችሁም፤ ጠጠሩን ግን አታዩትም።

ነገሩ ኮምፒውተር ያመጣው አይደለም። በ1898 ፍሬድ ጄን የሚባል እንግሊዛዊ የባሕር ውጊያ ጨዋታ አሳተመ። ተጫዋቾቹ መርፌ በተተከለበት ዱላ በካርቶን ላይ የተሣለውን የጠላት መርከብ ይወጉ ነበር፤ መርፌው ያረፈበት ቦታ የተመታው ክፍል ነው። ለጨዋታው የመርከቦቹ ትጥቅና የብረታቸው ውፍረት መታወቅ ስላለበት ሰውዬው በዚያው ዓመት የዓለም የጦር መርከቦችን ዝርዝር የያዘ መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ የባሕር ኃይሎች የሚያገላብጡት በጄን ስም የሚጠራው ዓመታዊ መዝገብ የዚያ መጽሐፍ ተከታይ ነው።

ጨዋታውን በቀዳዳ ማየት ግን የመጣው ሊቨርፑል ላይ ነው። ጥር 1942፤ የጀርመን ሰርጓጆች ወደ ብሪታንያ ምግብና ነዳጅ የሚያመላልሱትን የመርከብ ቅፍለቶች እየፈጁ ነበር። ጊልበርት ሮበርትስ የሚባል፣ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ከባሕር ኃይል ተሰናብቶ የነበረ መኮንን ሊቨርፑል ውስጥ ደርቢ ሀውስ በተባለ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ክፍል ተሰጠው። አብረውት የተመደቡት በአብዛኛው የባሕር ኃይሉ የሴቶች ክፍል አባላት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ገና ሃያ ዓመት የሞላቸው፣ መርከብ ላይ ሠርተው የማያውቁ።

የክፍሉ ወለል ባሕር ሆነ። በመስመር ተከፋፈለ፤ መርከቦቹ ትንንሽ የእንጨት ቅርጾች ናቸው። አጃቢ መርከብ አዛዥ ሆነው የሚጫወቱት መኮንኖች በሸራ መጋረጃ ጀርባ ይቆማሉ። ሸራው ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ በዚያ በኩል የሚታያቸው እውነተኛው አዛዥ ከመርከቡ ላይ ሆኖ በሌሊት ሊያይ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። የመርከቦቹ መንገድ በነጭ ጠመኔ ይሰመራል፤ የሰርጓጇ ግን በአረንጓዴ። አረንጓዴው በወለሉ ቀለም ላይ ጎልቶ ስለማይወጣ በቀዳዳው በኩል አይታይም። ከላይ ሆነው ሁሉን የሚያዩት ሴቶቹ ናቸው።

ሮበርትስና ሴቶቹ እውነተኛ ውጊያዎችን ወለሉ ላይ እየደገሙ ሲጫወቱ አንድ ነገር አልገጥም አላቸው። እስከዚያ ድረስ ሰርጓጆቹ ከቅፍለቱ ውጭ ሆነው፣ ከርቀት ይተኩሳሉ ተብሎ ይታመን ነበር፤ ስለዚህ መርከብ በተመታ ቁጥር አጃቢዎቹ ወደ ውጭ ይሮጣሉ። ወለሉ ላይ ሲሞከር ግን ሒሳቡ አይመጣም። ርቀቱና ጊዜው የሚገጥመው ሰርጓጇ በሌሊት ከኋላ መጥታ ቅፍለቱ መሐል ገብታ ከተኮሰች ብቻ ነው፤ ከዚያ ትጠልቅና መርከቦቹ በላይዋ እስኪያልፉ ትጠብቃለች። አጃቢዎቹ ውጭ ውጭውን ሲፈልጉ እሷ ቤታቸው ውስጥ ነበረች። መፍትሔውም እዚያው ወለል ላይ ተገኘ፤ መበተኑን ትቶ በተቀናጀ መስመር ከቅፍለቱ ኋላ ያለውን ውኃ ማሰስ። ዣን ሌይድሎ የተባለችው የክፍሉ አባል ለስልቱ “ራስበሪ” የሚል ስም አወጣችለት፤ በእንግሊዝኛ አባባል ለሂትለር በከንፈር “ፕርርር” ብሎ እንደ ማሾፍ ነው። እስከ ጦርነቱ መጨረሻ 5 ሺህ ያህል መኮንኖች እዚያ ወለል ላይ ሠልጥነዋል። በራሱ ዘመን ስም ያተረፈ የሰርጓጅ አዛዥ የነበረው አድሚራል ማክስ ሆርተን አንድ ቀን መጥቶ የሰርጓጇን ወገን ይዞ ተጫወተ፤ ጃኔት ኦኬል የምትባለው ወጣት ደጋግማ አሰመጠችው።

በዚያው በ1942 በሌላኛው የዓለም ጫፍ ደግሞ ጨዋታውን ያጭበረበሩ ነበሩ። የጃፓን ባሕር ኃይል ሚድዌይ የተባለችውን ደሴት ከማጥቃቱ በፊት፣ በግንቦት፣ ዕቅዱን በጠረጴዛ ላይ ተጫወተው። ዳይስ ተጣለ፤ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ዘጠኝ ቦምብ አሳረፉ፤ ሁለት አውሮፕላን ጫኝ መርከቦች ሰመጡ። ይኼኔ ዋና ዳኛው አድሚራል ኡጋኪ ዘጠኙን ወደ ሦስት ቀነሰው። ሰምጣ የነበረችው ካጋ የተባለች መርከብም ለቀጣዩ ዙር ከባሕር ወጥታ ተሰለፈች። ሰኔ 4 ቀን 1942 ካጋ እንደገና ተመታች፤ ያን ጊዜ ዳኛ አልነበረም።

ወደ ሳይለንት ሀንተር ልመለስ። የቡካሬስት ልጆች የሊቨርፑሉን ሸራ ወስደው ፔሪስኮፕ አደረጉት፤ ልዩነቱ አሁን ቀዳዳው ጀርባ የቆመው የሰርጓጇ አዛዥ መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ የምትሰጣችሁ ዓይነት 7 የምትባለዋ ጀልባ ናት፤ 67 ሜትር ርዝመት፣ ከ40 የሚበልጥ ሰው፣ 14 ቶርፔዶ። ሰርጓጅ ሲባል ዘወትር ውኃ ውስጥ የምትኖር ይመስለናል። የዚያን ዘመኗ ግን በናፍጣ ሞተር ላይ ላዩን የምትሄድ፣ ሲቸግራት ብቻ የምትጠልቅ ናት። ከጠለቀች በኋላ ያላት ባትሪ ብቻ ነው፤ በ4 ኖት ከሄደች 80 የባሕር ማይል ያህል ያዘልቃታል። በ4 ኖት ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ይቀድማታል። ከዚያ በላይ ልፍጠን ካለች ባትሪው ዓይኗ እያየ ያልቃል። አንድ ማታ ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ የላፕቶፔን ባትሪና የሰርጓጇን ባትሪ እኩል እያየሁ ሰርጓጅ ከሚያድን ዴስትሮየር ሸሽቻለሁ፤ የላፕቶፑ ቀድሞ አለቀ።

የሚሸሸው እንዴት ነው? በጆሮ። ከጠለቃችሁ በኋላ ቀዳዳውም ይዘጋል፤ የሚቀረው ድምፅ አድማጩ መርከበኛ “ዴስትሮየር፣ እየቀረበ ነው” የሚለው ብቻ ነው። የጠላት ሶናር (በድምፅ የሚፈልገው መሣሪያ) በሰርጓጇ ቀፎ ላይ “ፒንግ” እያለ ያንኳኳል። ዴስትሮየሩ ልክ በላያችሁ ሊደርስ ሲል ግን ሶናሩ ቀጥታ ከሥሩ ያለውን ስለማይሰማ ለጥቂት ጊዜ ያጣችኋል። መታጠፍ ያለባችሁ ያኔ ነው። ቀድማችሁ ከታጠፋችሁ ተከትሏችሁ ይታጠፋል፤ ከዘገያችሁ ቦምቡ ይወርዳል። የዚህ ጌም እውነተኛ ችሎታ ለእኔ ይህቺ ቅጽበት ናት፤ ማነጣጠሩን በሳምንት ይለምዱታል።

ሌላው የማደንቅለት ነገር ታሪኩን አለመለወጡ ነው። ጨዋታውን በ1939 ከጀመራችሁ ብቻውን የሚጓዝ ያልታጠቀ መርከብ ብዙ ነው። ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ቅፍለቱ ይወፍራል፣ አጃቢው ይበዛል፣ ራዳር ያለው አውሮፕላን ከደመና ይወርዳል። በግንቦት 1943 ብቻ ጀርመን 41 ሰርጓጆች አጥታ አድሚራል ዶኒትዝ የቀሩትን ከሰሜን አትላንቲክ አስወጥቷቸዋል። ጌሙ ላይ የሠራችሁት ነጥብ፣ ያገኛችሁት ሜዳልያ ይህን አይመልሰውም። ምንም ብትጎብዙ ጀርመን ትሸነፋለች።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሌላም ነገር አለ። ተጫዋቹ የቆመው በናዚ ጀርመን ወገን ነው። የሚያሰምጣቸው በአብዛኛው የንግድ መርከቦች ናቸው። ፔሪስኮፑ ውስጥ ብረት ይታያል እንጂ ሰው አይታይም፤ መርከቡ ተሰንጥቆ ሲወርድ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው የቶን ቁጥር ነው። በእውነቱ ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የንግድ መርከበኞች አልቀዋል፤ ከ40 ሺህ የጀርመን ሰርጓጅ መርከበኞችም 30 ሺህ ያህሉ አልተመለሱም። ጌሙ በባትሪና በዲግሪ ላይ ያን ያህል ሐቀኛ ሆኖ እዚህ ጋ ዓይኑን መጨፈኑ ትልቁ ጉድለቱ ነው እላለሁ።

ስለ ሰርጓጅ ካነሣን አንድ ከእኛ ጋር የተያያዘ ነገር ጣል ላድርግ። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ከወረረች በኋላ 17 ሰርጓጆች ሠርታ ብዙዎቹን በእኛ ቦታዎች ሰየመቻቸው። መደባቸው “አድዋ” ይባላል፤ ድል የተመቱበትን ስም ለመርከብ ሲሰጡ ምን እንዳሰቡ እንጃ። አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ ነገሌ፣ አላጌ እያለ ይቀጥላል። መቀሌ በሰኔ 1940 ከምጽዋ ወጥታ ከማቀዝቀዣዋ ያፈተለከ ጋዝ ሠራተኞቿን መርዞ ሱዳን ባሕር ዳርቻ አጠገብ ከኮራል ዓለት ጋር ተላተመች። ጎንደር በዚያው ዓመት እስክንድርያ አቅራቢያ ሰመጠች። አክሱም ግን ነሐሴ 12 ቀን 1942 ወደ ማልታ ይጓዝ በነበረ ቅፍለት ላይ አራት ቶርፔዶ ተኩሳ ሦስት መርከቦች መታች፤ ናይጄሪያና ካይሮ የተባሉትን ክሩዘሮችና ኦሃዮ የተባለችውን የነዳጅ መርከብ። ይህን ውጤት ጌሙ ላይ ለመድገም ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አልናገርም። ከ17ቱ ጦርነቱን በሕይወት ያለፈችው አላጌ ብቻ ናት።

መሞከር ለምትፈልጉ፤ ከፖላንድ የመጣው ዩቦት የተባለ የሰርጓጅ ጌም ከሳይለንት ሀንተር ይልቅ አዲስና ለዓይን የሚያምር ነው፤ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ግን ይፈልጋል። የመርከብ ሥዕል ሳያሻው በሠንጠረዥና በቁጥር መርካት የሚችል ሰው ሩል ዘ ዌቭስ የተባለውን ጌም ይሞክር፤ የሒሳብ ሠራተኛ የሠራው ይመስላል፤ እንቅልፍ ግን ይነሣል። በሳይለንት ሀንተር ከጀመራችሁ ዓመቱን 1939 አድርጉት። የማነጣጠሩን ሥራ መጀመሪያ አካባቢ ለኮምፒውተሩ ተዉለት፤ አያሳፍርም። ካርታው ላይ የጠላትን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ምርጫ ግን ከመጀመሪያው ቀን አጥፉት።