ጥር ላይ የሚደርሰው የኢካ ወንዝ

ኢካ ላይ ዝናብ አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው ወንዝ ነው።

ከሊማ በስተደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ የምትገኘው ይህች የፔሩ ከተማ ዓመቱን ሙሉ የሚወርድላት ዝናብ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በስተምሥራቅ የአንዲስ ተራሮች የአማዞንን እርጥበት ያስቀሩባታል። በስተምዕራብ ደግሞ ሀምቦልት የተባለው ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ሞገድ አየሩን ስለሚያቀዘቅዘው ከባሕር የሚነሳው እርጥበት ጉም ከመሆን አያልፍም። የውሃ ተስፋዋ በአንዲስ ላይ ያለው የሁዋንካቬሊካ ደጋ ነው። እዚያ ታኅሣሥ ላይ መዝነብ ሲጀምር፣ ለወራት ጠጠርና አሸዋ ብቻ የነበረው የወንዝ መሄጃ በጥር ይሞላል፤ ሚያዝያ ሲያልቅ ደግሞ ተመልሶ ይደርቃል።

ወንዙ ሲመጣ ጨዋ ሆኖ አይመጣም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 1998፣ በኤልኒኞ ዓመት፣ ዳርቻውን ጥሶ ከተማዋን በጭቃ አጥለቅልቋታል። ገበሬው ግን ይህንኑ ድፍርስ ውሃ ይፈልገዋል። የወይን ማሳውን ዙሪያውን በአፈር ይከትርና ደራሹን ያስገባዋል፤ ማሳው ለጊዜው ኩሬ ይሆናል። ውሃው ቀስ እያለ ወደ መሬት ሲሰርግ ከደጋ ጠርጎ ያመጣውን ለም ደለል ለወይኑ ይተውለታል። ስፔናውያን እ.ኤ.አ. በ1563 ኢካን ከቆረቆሩ ወዲህ ሸለቆው የወይን አገር ነው፤ ፒስኮ የሚባለው የፔሩ አረቄም ከዚሁ ወይን ይወጣል።

ውሃ መጥለፉን ስፔኖች አላስተማሩም። የሸለቆውን ምሥራቃዊ ክፍል የሚያጠጣው ላ አቺራና የተባለ ቦይ በአፈ ታሪክ የኢንካው ንጉሥ የፓቻኩቴክ ሥራ ነው። ንጉሡ የወደዳት ልጃገረድ ልቧ ሌላ ዘንድ ነበረና እምቢ አለችው፤ ስጦታ ምረጪ ሲላት ለአገሯ ውሃ ለመነች። እሱም 40,000 ወታደሮቹን አሰማርቶ በ10 ቀን አስቆፈረላት ይባላል። ታሪኩን በጽሑፍ ያስፋፋው ደራሲው ሪካርዶ ፓልማ ነው። ቁጥሩን ማመን ይከብዳል፤ ቦዩ ግን ዛሬም ያጠጣል።

ወንዙ ሲደርቅ ሸለቆው የሚኖረው መሬት በጠጣው ውሃ ነው። ሁዋራንጎ የተባለው ዛፍ ሥሩን እጅግ አጥልቆ ሰዶ ይህንኑ ውሃ ይስባል፤ በአፋር የግጦሽ መሬት የወረረው ፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመዱ ነው። አፋር ላይ መከራ የሆነው ዘር እዚህ ጥላ፣ መኖና አፈር አሳሪ ነው። የታችኛውን ሸለቆ ያጠኑ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የጥንት ነዋሪዎች ለእርሻ ብለው ይህን ዛፍ መመንጠራቸው መሬቱን ለጎርፍና ለነፋስ እንዳጋለጠው ጽፈዋል።

የዛሬው ሽሚያ በፓምፕ ነው። ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ገበያ አስፓራገስና ወይን የሚያመርቱ ትልልቅ እርሻዎች ዓመቱን ሙሉ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ይስባሉ፤ ወንዙ በጥቂት ወራት የሚተካው ግን የሚወጣውን አያህልም። ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር የሚችል ባለሀብት ውሃውን እየተከተለ ይወርዳል። የአነስተኛ ገበሬ ጉድጓድ ግን ባለበት ይነጥፋል። በከተማዋ አጠገብ በአሸዋ ተራሮች መካከል ያለችው የሁዋካቺና ሐይቅ እንኳ፣ ጎብኚዎች የሚጎርፉላት የበረሃ ገነት፣ ምንጯ ስለደከመ ከሌላ ቦታ ውሃ እየተሳበ ይጨመርላታል።

የወንዙን ጉድለት ለመሙላት ሲባል ውሃውን ወዲያና ወዲህ ከሚከፍለው ተራራ ማዶ፣ ወደ አማዞን ይፈስስ የነበረው የቾክሎኮቻ ሐይቅ ውሃ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተሠራ ቦይ ወደ ኢካ እንዲዞር ተደረገ። ይህ ደግሞ ደጋ ላይ ሌላ ጠብ ወልዷል። በሁዋንካቬሊካ አልፓካ የሚያረቡ የኬችዋ ማኅበረሰቦች፣ ውሃው በተጠለፈ ቁጥር ከብቶቻቸው የሚግጡበት ረግረግ እየደረቀ ነው ይላሉ። ሸለቆው ለውሃው ይክፈል የሚለው ጥያቄያቸው በኢካና በሁዋንካቬሊካ ክልሎች መካከል ለዓመታት ሲያከራክር ኖሯል።