ሞኒተሩ ሲጮኽ፣ ሞኒተሩ ዝም ሲል

ነርሲንግ ስለምማር፣ ዘመድ ሆስፒታል በተኛ ቁጥር «ያ የሚጮኸው ምንድነው?» እባላለሁ። አብዛኞቹ ሞኒተሮች ላይ ቀይ ብልጭታ «አሁኑኑ»፣ ቢጫው «ቶሎ እዩኝ» ነው። የኦክስጅን ቁጥር ድንገት ሲወርድ፣ ብዙ ጊዜ ጣት ላይ ያለው ሴንሰር ተንሸራቶ ወይም እጅ ቀዝቅዞ ነው (የጥፍር ቀለምም ያሳስተዋል)። ቢሆንም መጀመሪያ የሚታየው በሽተኛው ነው።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን የማይጮኸው አላርም ነው። ሴንሰሩ የሚለካው በቆዳ ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ስለሆነ፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው አስበልጦ ሊያነብ ይችላል፤ የአሜሪካው ኤፍዲኤም በ2021 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ አስጠንቅቋል። አላርሙ ከ90 በታች ሲሆን እንዲጮኽ ተሞልቶ፣ የደሙ 87 ሆኖ ስክሪኑ 91 ካለ፣ ዝም ነው። እናታችሁ «ትንፋሽ አጠረኝ» ካሉ፣ ቁጥሩ ደህና ቢመስልም ነርሷን ጥሩ፤ ከደም ቅዳ ቧንቧ በሚወሰድ ደም ይለካልን ማለትም ይቻላል።