ተጨማሪ መረጃ፦ አነስተኛ አቅም ባለው ኮምፒውተር ቪዲዮ ማመቅ

ነቀምቴ ላይ የተሰጠ ትምህርት ተቀርጾ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ላሉ ተማሪዎች ይላክ እንበል። እያንዳንዱ ምስል 1920 በ1080 ነጥቦች ቢኖሩት፣ አንዱ ነጥብ 3 ባይት ቢይዝና በሰከንድ 25 ምስል ቢቀረጽ፣ መጠኑ በየሰከንዱ 155 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ይህን በሞባይል ዳታ መላክ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው ኢንኮድ ይደረጋል። ኢንኮዲንግ ማለት በተከታታይ ምስሎች ውስጥ የሚደጋገመውን ትቶ በዋናነት ለውጡን በመመዝገብ ፋይሉን ማሳነስ ነው። መምህሯ ሲያስረዱ እጃቸው ይንቀሳቀሳል፤ ከኋላቸው ያለው ሰሌዳ ግን ባለበት ነው።

«ሶፍትዌር ይህን መሥራት ከቻለ የተለየ ሃርድዌር ለምን አስፈለገ?» ትሉ ይሆናል። ሶፍትዌር ይችላል፤ ነገር ግን ደካማ ፕሮሰሰር በስሌቱ ብዛት ይዘገያል፣ ይግላል፣ ባትሪም ይጨርሳል። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተነደፈ ሰርኪውት ሥራውን በጥቂት ኃይል ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ትንሹ ኮምፒውተር ራስፕቤሪ ፓይ 4 እንዲህ ያለ ኢንኮደር በቺፑ ውስጥ አለው። የእንዲህ ያለ ሰርኪውት ንድፍ ግን የፈቃድ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ቪፒ8 የተባለውን የቪዲዮ ማመቂያ ስልት ክፍት አደረገ፤ በ2011 ደግሞ ኤች1 የተባለውን የኢንኮደር ንድፍ ለቺፕ አምራቾች ያለ ክፍያ አቀረበ። እርግጥ ነፃ ንድፍ ቺፑን ነፃ አያደርገውም፤ የማምረቻ ወጪ አለ። ሆኖም ከዋጋው ላይ አንዱን ሸክም ያነሳል፤ ክፍት ስልትን ደግሞ ማንም ተማሪ ሊመረምረው ይችላል።

ሞክሩ፦ በስልካችሁ የ10 ሰከንድ ቪዲዮ ሁለት ጊዜ ቅረጹ፤ አንዱን ግድግዳ ላይ አነጣጥራችሁ፣ ሌላውን ሰው በሚበዛበት መንገድ ላይ። የፋይሎቹን መጠን አወዳድሩ፤ ልዩነት ካለ ምክንያቱን አስረዱ።