ስለ ሕፃናት ልብስ ስፌትና ጌጥ

ለሕፃን በቤት የሚሰፋ ልብስ፥ ጌጡ ከልጁ ደኅንነት ጋራ የተስማማ ሊሆን ይገባዋል። አዲስ ሸማ መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚያጥር፥ ሳይቆረጥ አስቀድሞ አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሲሰፋም፥ ልጁ ባደገ ጊዜ ተፈትቶ እንዲረዝም፥ የታችኛውን ጠርዝ በ3 ጣት ልክ አጥፎ መስፋት ነው።

በአንገቱ ዙሪያና በደረቱ ስንጥቅ ላይ የሚጠለፈው ጥልፍ ለውበት ብቻ አይደለም፤ በመቀስ የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይተረተር አጽንቶ ይይዘዋል። ነገር ግን የክሩ ቋጠሮ ገላውን እንዳይፈገፍገው፥ በውስጥ በኩል በለስላሳ ጨርቅ ይሸፈን።

ዶቃና ቁልፍ ለጌጥ ብሎ ማንጠልጠል አይገባም፤ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳልና፥ ተበጥሶ ወደ ጉሮሮው ቢገባ ትንፋሹን ይዘጋዋል። በአንገት የሚታሰር ረጅም ማሰሪያም ሊያንቀው ይችላል። ሰፊ እጅጌና የተንዘረፈፈ ዘርፍ በምድጃ አጠገብ እጅግ ያሠጋል፤ ጥጥ እሳት ሲነካው ፈጥኖ ይነዳልና። ስፌቱም ሲያልቅ መርፌው ሁሉ ተቆጥሮ ይቀመጥ።

እንግዲህ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፥ ይህን ለወላጆች አስረዱ፤ ለሕፃን ያማረ ልብስ ማለት፥ ለብሶት በደኅና ውሎ በደኅና የሚያድርበት ነው።