ከጆሮ ዕጢ ሕክምና በኋላ፦ ተራራ፣ ገመድ፣ ባሕር

አለን ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሜኒየር የሚባል የውስጠኛው ጆሮ ሕመም ያዘው። ድንገት ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጆሮው ይጮሃል። ከጠፈር በረራ ታግዶ ዓመታትን በቢሮ ሥራ አሳለፈ። በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዊልያም ሃውስ የተባለ የጆሮ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ሠራለትና በ1969 የበረራ ፈቃዱ ተመለሰለት። በ1971 አፖሎ 14ን አዝዞ ጨረቃ ላይ ተራመደ፤ እዚያው የጎልፍ ኳስም መታ።

የሼፐርድ ሕመም ዕጢ አልነበረም። ታሪኩ እዚህ የገባው በሐኪሙ በኩል ነው። ይኸው ዊልያም ሃውስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማይክሮስኮፕ እየተጠቀመ፣ ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት ሰርስሮ አኩስቲክ ኒውሮማ ወደሚባለው ዕጢ መድረስ የሚቻልበትን ዘዴ አሳደገ። ከዚያ በፊት በዚህ ቀዶ ሕክምና ብዙ ሰው ይሞት ነበር፤ ከተረፉትም ፊታቸው ሽባ ሆኖ የሚቀር ጥቂት አልነበሩም። ዛሬ አብዛኛው ታካሚ ይድናል። ስለዚህም ያኔ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ይነሳል፦ ከዳንኩ በኋላ ተራራ መውጣት፣ ብስክሌት መንዳት፣ ባሕር መግባት እችላለሁ?

ዕጢው የጆሮ ይባል እንጂ የሚበቅለው ከውስጠኛው ጆሮ ወደ አንጎል በሚሄደው ስምንተኛው የራስ ቅል ነርቭ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚዛንን መልእክት በሚያደርሰው ቅርንጫፍ ሽፋን ላይ። ካንሰር አይደለም። ብዙ ጊዜ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ ያድጋል። የመጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፦ ስልክ በአንዱ ጆሮ አልሰማ ይላል፣ ወይም አንድ ጆሮ ብቻ ያለማቋረጥ ይጮሃል። በአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ የመስማት ችግር ሳይመረመር መታለፍ የለበትም፤ ዕጢውን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በየጊዜው ምስሉን እያነሳ ይከታተለዋል፣ ወይም በጨረር እድገቱን ይገታዋል፣ ወይም ያወጣዋል። ጋማ ናይፍ የሚባለውን የጨረር ሕክምና ለዚህ ዕጢ መጀመሪያ የተጠቀመበት ስዊድናዊው ላርስ ሌክሴል ነው፤ ዘመኑም 1969።

ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሲወጣ የዚያ ወገን የሚዛን ነርቭም አብሮ ይቆረጣል። በነጋታው ክፍሉ በሙሉ ይዞራል። አንጎል ከሁለት ወገን ይመጣለት የነበረው መልእክት ከአንዱ ብቻ ሲመጣ ሰውዬው እየተሽከረከረ እንደሆነ አድርጎ ይቆጥረዋል። ማዞሩ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት አንጎል በሦስት ነገሮች ተደግፎ ሚዛንን እንደገና ይማራል፦ በቀረው ጆሮ፣ በዓይን፣ እንዲሁም ከእግር መዳፍና ከመገጣጠሚያዎች በሚመጣው ስሜት።

ይህን ትምህርት አንጎል ተኝቶ አይማረውም። በ1940ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ካውቶርንና ኩክሲ የተባሉ ሐኪሞች የሚያዞራቸውን ሰዎች ቶሎ ከአልጋ እያስነሱ ዓይናቸውን፣ ከዚያ አንገታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ ቀጥሎ ኳስ እንዲቀልቡ፣ ዳገት እንዲወጡና እንዲወርዱ ያደርጉ ነበር። የሚያዞረውን እንቅስቃሴ መሸሽ ማዞሩን እንደሚያራዝመው አስተውለው ነበር። የሚዛን ፊዚዮቴራፒ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በሐበሻ ቤት ግን ከቀዶ ሕክምና የተነሳ ሰው በትራስ ተደግፎ፣ አጥሚትና ገንፎ እየቀረበለት፣ «አርፈህ ተኛ» እየተባለ ነው የሚሰነብተው። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ለቁስሉም ዕረፍት ያስፈልጋል። ሐኪሙ «ተንቀሳቀስ» ካለ በኋላ ግን ቤተሰብ የበለጠ የሚጠቅመው ትራስ በማስተካከል ሳይሆን ከታማሚው ጎን ሆኖ ዳገቱን አብሮ በመውጣት ነው።

ተዋናዩ ማርክ ራፋሎ ይህ ዕጢ የተገኘበት በ2001 ሲሆን የመጀመሪያ ልጁ በዚያው ዓመት ተወለደ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የግራ ጆሮው መስማት አቆመ፣ ፊቱም በአንድ በኩል ለወራት አልንቀሳቀስ አለ። ተመርጦበት የነበረው ፊልምም አመለጠው። ፊቱ ግን ተመለሰ፤ በ2012 ደግሞ የዓለም ሕዝብ ሃልክ የተባለውን አረንጓዴ ግዙፍ ሰው ሆኖ ሲተውን አየው። ጆሮው አልተመለሰም። ሥራውን የሚሠራው በአንድ ጆሮ እየሰማ ነው።

ጀብዱ ያለበትን መዝናኛ ለመምረጥ የሚጠቅመው ጥያቄ «ያስፈራል ወይ?» አይደለም። ከሦስቱ ድጋፎች የትኛውን ይነጥቃል? ነው መባል ያለበት። በዚህ ዓይን ሲታይ ብዙ ነገር ይገለበጣል። በገመድ ታስሮ ከገደል ገደል የሚንሸራተቱበት ዚፕላይን አስፈሪ ይመስላል፤ ሰውነትን የሚይዘው ግን መታጠቂያው ስለሆነ ከሚዛን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። የሚከብደው ከመነሻው በፊት በጠባቡ መድረክ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት ነው። ቋጥኝ በገመድ መውጣትም እንዲሁ፤ አራቱም እጅና እግር ድንጋዩን ስለሚነኩ አንጎል መረጃ አያጣም። ማንም የማይፈራው የምሽት የእግር ጉዞ በአንጻሩ ከባድ ነው፤ ጨለማው ዓይንን፣ ኮረኮንቹ እግርን ይወስዳሉ። ባትሪ መብራትና ሁለት ምርኩዝ የያዘ ሰው የጠፉትን ሁለት ድጋፎች በከፊል ያስመልሳል።

ብስክሌት ላይ ፈተናው ወደ ኋላ መዞር ነው። ራስ ወደተጎዳው ወገን በፍጥነት ሲዞር ዓይን ያየውን አጥብቆ መያዝ ስለሚያቅተው ዕይታ ለቅጽበት ይንቀጠቀጣል። መኪና ከየት በኩል እየመጣ እንደሆነም በአንድ ጆሮ መለየት ያስቸግራል። መሪው ላይ የሚታሰር ትንሽ መስታወት ለሁለቱም መፍትሔ ይሆናል። በበረዶ መንሸራተቻ (ስኪ) ላይም አብሮ የሚሄደው ሰው መስማት በማይችለው ወገን ቢሆን ከዚያ በኩል የሚመጣውን ያይለታል። ቀዶ ሕክምናው የፊትን ነርቭ አድክሞት ዓይኑ በደንብ የማይከደን ከሆነ፣ ነፋስ ባለበት ሁሉ ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር ግዴታ ነው፤ ዓይን ከደረቀ ይቆስላል።

ባሕር ግን ለብቻው ሊታይ ይገባል። በ1882 የሃርቫርዱ ዊልያም ጄምስ ስለ ማዞር መስማት የተሳናቸውን ብዙ ሰዎች ጠይቆ ነበር። ከእነሱ አንዳንዶቹ ውኃ ውስጥ ሲጠልቁ ላይና ታቹ እንደሚጠፋባቸው ነገሩት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከጋሎዴት ኮሌጅ 11 መስማት የተሳናቸው ወንዶችን ለጠፈር ጥናት መረጠ፤ አብዛኞቹ በማጅራት ገትር የሁለቱም ወገን የሚዛን አካላቸው የተጎዳ ነበሩ። በኖቫ ስኮሺያ አቅራቢያ ማዕበል መርከቡን ሲያናውጠው እነሱ ካርታ ይጫወቱ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ግን ራሳቸው በባሕር ሕመም ስለወደቁ ሙከራው ተቋረጠ። በአንድ ወገን ብቻ የታከመ ሰው ያን ዕድል አያገኝም፤ የቀረው ጆሮ ስለሚሠራ ባሕሩ እሱንም ያቅለሸልሸዋል። ላይና ታች የመጥፋቱን አደጋ ግን ይጋራል። ውኃ ውስጥ እግር የሚረግጠው የለም፤ ውኃው ከደፈረሰ ዓይንም አይረዳም። ሰው ወደ ላይ እየዋኘ መስሎት ወደ ታች ሊሄድ ይችላል። ይህን ለታካሚ ሳይነግሩ መሸኘት በደል ነው።

ስለዚህ ዋና የሚጀመረው ወለሉ ጥርት ብሎ በሚታይ ገንዳ፣ በቀን፣ ዓይኑን ከዋናተኛው የማይነቅል ሰው አጠገብ ነው። ካያክ ላይ ተንሳፋፊ ሰደርያ አይወልቅም፤ ጀልባው ቢገለበጥ ወደ ላይ የሚያወጣው እሱ ነው። በአየር ዕቃ እየተነፈሱ ጠልቆ ለመዋኘት የጠላቂዎችን ጤና የሚያውቅ ሐኪምም፣ ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪምም መጠየቅ አለባቸው፤ ጥልቀት የሚያመጣው ግፊት የቀረውን አንድ ጆሮ ከጎዳው ሰውዬው ምንም ላይሰማ ይችላል። ዕጢውን ያሸነፈ ሰው እዚህ ላይ ጠልቆ መዋኘቱን ትቶ ከውኃው በላይ ያለውን ቢመርጥ ምርጫው ትክክል ነው።