የትናንቱን ጽሑፍ የማይከዳ ፕለጊን

ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ነጻ የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ሲሆን፣ የመመዝገቢያ ቅጽና ካርታ የመሳሰሉትን የሚያገኘው ፕለጊን ከሚባሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ነው። እስከ 2018 ድረስ ጽሑፍ የሚዘጋጅበት ክፍል፣ ማለትም አርታዒው፣ አንድ ወጥ ሰሌዳ ነበር፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 6 ቀን በወጣው 5.0 እትም ግን በጀርመናዊው የኅትመት ፈር ቀዳጅ ስም ጉተንበርግ የተባለው አዲስ አርታዒ በቦታው ተተካ፤ በዚህም አንቀጹም ሥዕሉም ብሎክ የሚባል ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ። የቀድሞውን አርታዒ የሚመልሰው ፕለጊን ከ5 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ድረ ገጾች ላይ ስለተጫነ፣ አሮጌው አልፎበታል ብሎ መሥራት አይቻልም።

በአሮጌው አርታዒ ፕለጊን በጽሑፍ መካከል የሚገባው ሾርትኮድ በሚባል፣ በአራት ማዕዘን ቅንፍ በተከበበ አጭር ቃል ሲሆን፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ሰርቨሩ ቃሉን በሚፈለገው ነገር ይተካዋል። ብሎክ ግን ብዙ ጊዜ የተጠናቀቀውን የገጽ ኮድ ራሱን ከጽሑፉ ጋር በመረጃ ቋት ያስቀምጣል። ስለዚህ የፕለጊኑ ባለሙያ ከዓመት በኋላ ኮዱን በጥቂቱ ቢለውጥ፣ አርታዒው የተቀመጠውን አሁን ከሚመነጨው ጋር ሲያመሳክር ልዩነት ያገኝና ብሎኩ ልክ ያልሆነ ይዘት እንዳለው ያስታውቃል፤ ምንም ያላጠፋው ጸሐፊም ሥራው እንደተበላሸ ያምናል። ይህ እንዳይደርስ ፕለጊኑ የቀድሞ ቅርጾቹን ሁሉ ማስታወስ አለበት፤ የተሻለው መንገድ ግን ብሎኩ ምርጫዎቹን ብቻ አስቀምጦ፣ ገጹን የሚያመነጨው ሥራ በሰርቨሩ ላይ በአንድ ቦታ እንዲጻፍና ሾርትኮዱም ብሎኩም እርሱኑ እንዲጠሩ ማድረግ ነው። ሾርትኮዱን ጨርሶ ማስወገድ ግን በአንባቢ ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ በአሮጌ ጽሑፎች ውስጥ ቅንፉ ከነቃሉ ራቁቱን ይታያልና።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው በአርታዒው ግርጌ ያሉት የፕለጊን ሣጥኖች ጉዳይ ነው። በአሮጌው አሠራር ጽሑፉና በሣጥኖቹ የተሞላው መረጃ በአንድነት ይላኩ ነበር፤ አዲሱ ግን አስቀድሞ ጽሑፉን፣ ቀጥሎ ሣጥኖቹን ለየብቻ ይልካል። በመጀመሪያው ዙር የሣጥኑን መረጃ ያጣ ፕለጊን ተጠቃሚው ባዶ አድርጎታል ብሎ ቢፈርድ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ መረጃ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ሣጥኑ በእርግጥ መላኩን የሚያረጋግጥ ምልክት አብሮ እስካልደረሰው ድረስ የተቀመጠውን መረጃ አይነካም።